የነገሌው ሸክላ ጣራ

ሦስት ነገር አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር፤ እንጨት፣ ሸክላና ዝናብ። ሁለቱን ዛሬም አውቃለሁ። ሦስተኛውን አለማወቄን የነገሩኝ አንዲት የቦረና ሴት ናቸው፤ ያውም ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሸክላ ጣራ ላይ ደርድሬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ከቆምኩ በኋላ። ታሪኩ ያሳፍራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ካየሁት ሁሉ እንደዚያ ጣራ ያስደነቀኝ ነገር ስለሌለ እናገረዋለሁ።

ትውልዴ ጎንደር ነው። በጣልያን ጊዜ ጎረምሳ ሆኜ ሸክላ ተሸካሚ ነበርኩ። ነጮቹ ቤታቸውን በሸክላ ሲከድኑ እኔ መሰላሉን ስወጣ ስወርድ፣ እግረ መንገዴን ዓይኔን ጣል እያደረግሁ ሙያውን ሰረቅሁ። ማንም አላስተማረኝም። በኋላ ጦሩ ውስጥ በአናጢነት ገባሁ፤ ጦሩ ነገሌ አመጣኝ፤ ስሰናበትም ከሚስቴ ከሀረገወይን ጋር እዚያው ቀረሁ። ነገሌ ያን ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ወሎዬው፣ ሸዌው፣ ጎንደሬው አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀለ ያወራል። እኔም ለሰላምታ «አካም» ሲሉኝ «ናጋ» ማለት ጀመርኩ፤ ውሎ አድሮ ቋንቋው ገባኝ።

አንድ ጊዜ ወደራ በምትባል አጎራባች ከተማ የአንድ ነጋዴ መጋዘን በሸክላ ከደንኩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጣራው እንደ ወንፊት አፈሰሰ። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነበርና ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አንደኛው ጎኑ ተናደ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ለእኔ ግን ስም ወጣልኝ፤ ወልደየሱስ አፍሳሹ። ነገሌ ገበያ ሳልፍ ወተት ሻጮቹ እቃቸውን በእጃቸው ሸፈን ያደርጉ ነበር፤ አፍሳሹ መጣ ለማለት ነው። እኔ ጥፋቱን በወደራ አፈር ላይ ለጠፍኩ። በልቤ ግን ለምን እንዳፈሰሰ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምህረት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር መምህር ኃይለማርያም ቤቴ ድረስ መጡ። ቀጭን፣ ኮታቸውን በሐሩር የማያወልቁ፣ ቃላቸውን የሚመጥኑ ሰው ናቸው። አሮጌው ክፍል ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ከሥሩ መቀመጥ እንደ ዳቦ መጋገር ነው፤ ሕፃናቱ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፣ ራሱን የሚስትም አለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በጩኸቱ መምህሩ ራሱን አይሰማም። ስለዚህ የወታደሩም የነጋዴውም ቤተሰብ ተሰብስቦ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሑድ በእሑድ ጭቃ እየረገጠ፣ በገዛ እጁ ጡብ እየመታ ሃያ ሜትር የሚሆን አዲስ ቤት አቁሟል። የቀረው ጣራ ነው፤ መምህሩም ሸክላ ካልሆነ አሉ።

«አቶ ወልደየሱስ፣ ስለ ወደራው ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ሌላ የሸክላ ባለሙያ በዚህ አገር የለም። ይህ ግድግዳ ጭቃ ነው። ካፈሰሰበት የሁለት ዓመት የሰው ልፋት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ሕዝቡም ሁለተኛ አይሠራም። ይችላሉ?»

እችላለሁ አልኩ። እሳቸው እንደወጡ ሀረገወይን ከጓዳ ብቅ ብላ ደግሞ ልታፈስ ነው ወይ አለችኝ። ሴትዮዋ ምላሷ ስለት ነው። በዚያ ማታ ግን አልተቆጣኋትም፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነበር። ይህን ጣራ ካፈሰስኩ ሙያዬ ሞተ፤ ከሙያዬ ሌላ ደግሞ ምንም የለኝም።

አንድ ወር ሙሉ ሸክላውን በሐሳቤ ስፈጥረው ከረምኩ። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የመጣውን መከራ አታዩትም። አንዱ ሸክላ የክንድ ያህል ርዝመት አለው። ከኋላው ጥፍር አበጀሁለት፤ በጥፍሩ ጣራው ላይ በአግድም የተመታውን የሞራሌ እንጨት ይዞ ይንጠለጠላል። የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ትከሻ ይሸፍናል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ወሳኙ የጎኑ ነው። የሸክላው አንደኛው ጠርዝ ወደ ላይ ይቀናል፣ ሌላኛው ጠርዝ እንደ ከንፈር ወደ ታች ታጥፎ የጎረቤቱን ቀና ያለ ጠርዝ ይከድናል። ከንፈሩ የሚያልቅበት ቦታ ትንሽ አፍ ይቀራል። ያ አፍ ዝናቡ ወደሚመጣበት ከዞረ ነፋስ ውሃውን እየገፋ ያስገባዋል፤ ጀርባውን ለዝናቡ ከሰጠ ግን ምንም አይገባም።

ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ነው፤ ጣራው አንዱ ክንፉ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይወርዳል። በአንድ ፎርማ ብቻ ከሠራሁ በአንደኛው ክንፍ አፉ ወደ ምሥራቅ፣ በሌላኛው ወደ ምዕራብ ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ፎርማ ጠረብኩ፤ ከንፈሩ በግራ የሆነና ከንፈሩ በቀኝ የሆነ። በግራው ላይ ነጥብ፣ በቀኙ ላይ መስቀል አደረግሁበት። በሁለቱም ክንፍ አፉ ሁሉ ወደ ምሥራቅ እንዲያይ አደረግሁ። ለምን ብትሉ፣ እኔ ባደግሁበት አገር ክረምት የሚገርፈው ከምዕራብ ነው። ከእናቴ ቤት በር ላይ ቆሜ ያየሁት ዝናብ ሁሉ ከምዕራብ ነው የመጣው። ዝናብ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል ብሎ ማሰብ ለእኔ ፀሐይ ከሌላ አቅጣጫ ትወጣለች እንደማለት ነበር።

አፈሩን ከኩይሳ ነው ያመጣነው። በዚያ አገር ምስጥ የሚሠራው ኩይሳ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ አፈሩም ምስጧ አላምጣው አላምጣው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። አፈሩን የሚቆፍርልኝና የሚያቦካልኝ ጂሎ የሚባል የቦረና ሰው ነበር፤ ባለ ትዳር፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቀልደኛ። ቦረና መሬት አይቆፍርም ይሉታል የአገሩ ሰዎች ሲያሾፉበት፤ እሱ ከብቶቼ እስኪፋፉ ነው ይላል። ከብቶቹ ግን የሚፋፉ አልነበሩም። በመጋቢት መምጣት የነበረበት ዝናብ ቀርቶ ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። አገሩ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጧል። ኩሬው ደርቋል፤ ከብት ከአሬሮ በኩል እየተነዳ ይመጣል፣ ግማሹ በመንገድ ይቀራል። እስላሙም ክርስቲያኑም ዝናብ ይለምናል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምህላ ተያዘ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ እግዚኦ እግዚኦ እላለሁ። በሆዴ ግን ጌታ ሆይ፣ ጥቂት አቆየው፣ ጣራዬ አልደረሰም እላለሁ። የመጀመሪያው ምድጃ ሸክላውን ሰነጣጥቆብኝ አንድ ወር ወደ ኋላ ቀርቼ ነበርና ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ሀረገወይን አንድ ቀን ከምህላ ስንመለስ ፊቴን አይታ ምን እየለመንክ ነው አለችኝ። እንደ ሰው ነዋ አልኳት። ቀና ብዬ ግን ላያት አልቻልኩም።

ፋሲካ አለፈ፣ ዝናብ የለም። በሚያዝያ አሥር የመጨረሻውን ረድፍ ጨረስኩ። የቀረኝ አናቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን መስመር በኖራ እያጣበቅሁ መክደን። ወርጄ ከሩቅ አየሁት። ምን ልበላችሁ! ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ የተደረደረ። በቀትር ወደ ውስጥ ስትገቡ ጥላው ይቀዘቅዛል። መምህር ኃይለማርያም ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮታቸውን አወለቁ። እኔም ያን ቀን እንግዲህ ዝናቡ ይምጣና ይየኝ አልኩ።

በማግሥቱ የጂሎ እናት መጡ። ስማቸው ስንቄ ነው፤ በአገሩ ደንብ ግን ሰው በልጁ ነው የሚጠራውና ሁላችንም ሃዳ ጂሎ፣ የጂሎ እናት እንላቸዋለን። የመጡት ልጃቸውን ፈልገው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው አንዲት ላም ወድቃለች፤ ላም በረሃብ ስትወድቅ ሰው ተሰብስቦ በእጁ ካላነሳት በዚያው ትቀራለች። ጂሎ እጁን እስኪታጠብ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ሳቁ።

በእነሱ ዘንድ ቤት የሚሠራው ሴት ናት። እንጨቱን የምታጎብጠው፣ ሣሩን ረድፍ በረድፍ የምትከድነው፣ ቤቱም የሚባለው የእሷ ነው። ወንድ ጣራ ላይ ወጥቶ ማየት ለእሳቸው ጎረምሳ ክር ሲፈትል እንደማየት ነው። መሳቃቸው አልከፋኝም። ቀጥሎ ያሉት ነው የከፋኝ። ሥራህ ያምራል፣ ግን ለምን አፉን ለዝናብ ከፈትክለት አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ከጎንደር እስከ ነገሌ በሸክላ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሣር ቤት ያላቸው ሴትዮ መጥተው ያስተምሩኝ? ዝናብ ከምዕራብ እንደሚመጣ ሕፃን ያውቃል አልኳቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያን ቀን ሞኙ እኔ ነበርኩ። ሃዳ ጂሎ አልተቆጡም። በትከሻቸው የደረቡትን ጨርቅ ፈትተው፣ ከምሥራቅ ወደሚነፍሰው ነፋስ ፊታቸውን አዙረው፣ ጫፉን ወደ ነፋሱ ጣሉት። ነፋሱ ገብቶ ጨርቁን ነፋው። ከዚያ ጫፉን ወደ ጀርባቸው አዙረው ጣሉት፤ ጨርቁ ጸጥ አለ።

የዛሬው ነፋስ ደረቅ ነው፣ የዝናቡ ሌላ ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ እጄን ይዘው ወደ ኩይሳው ወሰዱኝ፤ አራት ወር አፈር ሳስቆፍርበት ወደ ከረምኩት። የምዕራቡ ጎን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ለስላሳ ነው። የምሥራቁ ጎን ግን ከላይ እስከ ታች በውሃ ተሸርሽሮ፣ ተቦርቡሮ፣ የተገረፈ ጀርባ መስሏል። እልፍ ብሎ ያለውንም አሳዩኝ፤ እንደዚያው ነው። ሦስተኛውንም። ሁሉም በምሥራቅ በኩል ተበልቷል። የእኛ ላሞች ዝናብ ሲመጣ ቂጣቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሚያዞሩት አሉኝ። በዚያ አገር ስንት ዓመት ኖሬ አንድም ቀን ላም በዝናብ ወዴት እንደምትዞር ልብ ብዬ አላየሁም።

ተመልሼ በርሜል ውሃ አስመጣሁና ወደ ላሚቱ ሊሄድ የተነሣውን ጂሎን ጥቂት ቆይልኝ ብዬ በመሰላል አወጣሁት። ከምሥራቅ በኩል ሆነህ በሙሉ ኃይልህ እርጨው አልኩት። እኔ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ውሃው ጣራው ላይ ሲመታ ሰማሁ፤ ወዲያው በሃያ ቦታ ጠብ ጠብ አለ፤ አንዱ ግንባሬ ላይ ነው ያረፈው። ከምዕራብ አስረጨሁት፤ አንዲት ጠብታ የለም። ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። ወደራም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። አፈሩን ስረግም የኖርኩት በከንቱ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔም ያላወቅሁትን ሰማይ ልስም ሄጄ ነው።

መፍትሔው ግን እዚያው ነበር፤ ከራሴ ሁለት ፎርማ ውስጥ። የሰሜኑን ሸክላ ሁሉ ወደ ደቡቡ ክንፍ፣ የደቡቡን ወደ ሰሜኑ ባሻግረው አፉ ሁሉ ወደ ምዕራብ ይዞራል። አንድም አዲስ ሸክላ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁለት ሺህ ስድስት መቶውን አንድ በአንድ ነቅሎ መልሶ መደርደር ብቻ ነው። ያን እያሰብኩ ወደ ደጅ ወጥቼ ቀና ብዬ አየሁ፤ በምሥራቅ በኩል፣ ለወራት ባዶ በነበረው ሰማይ ጠርዝ ላይ፣ ሰውነቱ ጠቆር ያለ ደመና ተቀምጧል።

ፈራሁ። ብተወው ዝናቡ እየተንጠባጠበ ግድግዳውን ቀስ ብሎ ይበላዋል። ብነቅለው ደግሞ ዝናቡ ጣራው ራቁቱን እያለ ከደረሰ ሁሉንም በአንድ ቀን ይወስደዋል። መምህር ኃይለማርያም ሲሰሙ ፊታቸው አመድ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉኝ፤ ካሉም በኋላ ስሜ ትዝ አላቸውና አንገታቸውን ደፉ። የእርስዎን ያህል አላውቅም፣ እርስዎ ይወስኑ አሉኝ። እኔም እነቅለዋለሁ አልኩ። ጌታ ሆይ፣ ትናንት ዝናቡ ይምጣና ይየኝ ያልኩትን እርሳው ብዬ ያንኑ የቀድሞ ጸሎቴን ጀመርኩ። ስንት ቀን ይበቃዎታል ቢሉኝ በስድስት ሰው ሁለት ሳምንት ነበር መልሱ።

በማግሥቱ ማለዳ የደቡቡን ክንፍ ማውረድ ስንጀምር ሃዳ ጂሎ መጡ፤ ብቻቸውን አይደለም። ከሃያ የማያንሱ ሴቶች ይዘው ነው። ማንም አልጠራቸውም። ጂሎን ምን ሊያደርጉ ነው አልኩት። ቤት ከከፈትክ ሴቶቹ ይመጣሉ፤ አገራችን እንዲህ ነው አለኝ። ላሚቱስ ተነሣች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ተነሥታ ቆማለች አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የዚያን ሦስት ቀን ሥራ ደግሜ አላየሁም፣ የማይም አይመስለኝም። ሴቶቹ ከመሬት እስከ ጣራው ጫፍ ተሰለፉ። ሸክላው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ እነሱ በሚያዜሙት ዜማ ልክ ይሄዳል እንጂ አንዱም አይቸኩል፣ አንዱም አይዘገይ። ደቡቡን መሬት አወረድን፤ የሰሜኑን ነቅለን በአናቱ ላይ አሻግረን ደቡብ ላይ ደረደርን፤ መሬት ያለውን አንሥተን ሰሜኑን ጀመርን። የከተማው ሰውም ተጨመረ፤ የወታደር ሚስት፣ ነጋዴው፣ ሀረገወይንም ሳይቀር ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መጣች። ያን ሁሉ ሸክላ ሲያመላልሱ የተሰበረው አሥራ አንድ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን ስደረድር እንኳ ከዚያ በላይ ሰብሬያለሁ።

ሃዳ ጂሎ ጣራው ላይ ወጥተው ነበር። የዳር ዳሩን ሸክላ ከሞራሌው ጋር በሽቦ የማስረውን አይተው ሽቦውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እኔ በጉጠት ጠምዝዤ ነው የማስረው። እሳቸው በጣታቸው አንዴ አዙረው፣ አንዴ አሹልከው የሆነ ቋጠሮ ቋጠሩ። ብጎትተው ይበልጥ ይጠብቃል። ስልሳ ዓመት ቤት ያሰሩ ጣቶች ናቸው። ዝም ብዬ የዳሩን ሥራ ሁሉ ለእሳቸው ተውኩላቸው፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም።

ሁልጊዜ ግን ዓይኔ ምሥራቅ ነው። ደመናው በየቀኑ ይወፍራል፣ ይቀርባል፣ ቆሞ ያየናል፣ አይመጣም። የከተማው ሰው ና ና ይለዋል። እኔ በሆዴ ቆይ ቆይ እለዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የሰሜኑን የመጨረሻ ረድፍ አስገባሁ። አናቱ ብቻ ቀረ፤ እሱን ኖራ ሳይዘው መክደን አይቻልም፣ ኖራው ደግሞ ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። የአናቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሃያ ሜትር ሙሉ፣ እንደተከፈተ ቁስል ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ተነሣ።

ቀይ አቧራ መጀመሪያ መጣ። ቀጥሎ ሽታው፤ ለወራት የረሳነው የረጠበ አፈር ሽታ። ከብቶች ከየአቅጣጫው መጮህ ጀመሩ። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ዝናቡ ሜዳውን እያቋረጠ ሲመጣ አየሁት፤ ከምሥራቅ፣ ልክ ከፀሐይ መውጫ፣ ከምድር እስከ ሰማይ የቆመ ግድግዳ ሆኖ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን መጀመሪያ ያየሁት መሰለኝ። አለቀ አልኩ። በአናቱ ይገባል፣ ግድግዳውን ከውስጥ ያጥበዋል፣ አለቀልን።

ሃዳ ጂሎ ወደ ሴቶቹ አንድ ቃል ተጣሩ። ሴቶቹ ሮጠው ከግቢው ግራር ሥር ካኖሩት ጓዝ የከብት ቆዳ ይዘው መጡ። አሥራ አራት ቆዳ ነው። ያን ያህል ቆዳ ለምን ይዘው እንደመጡ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ አለፈ፤ ጂሎና እኔ በአናቱ ላይ እንደ ኮርቻ ጣልነው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብን፣ ጫፉን ወደ ምዕራብ እያደረግን። በገመድ ጠፈርነው፤ ገመዱ ወደ ሁለቱም ጎን ወረደ፤ ሴቶቹ ከታች ጫፍ ጫፉን ይዘው ቆሙ። የመጨረሻዋን ገመድ ስጥል ዝናቡ ደረሰ።

ወርጄ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። መምህር ኃይለማርያም ከመሐል ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ወደ ላይ ያያሉ። እኔም አንጋጠጥኩ። ውጭ ዓለም ይፈርሳል፤ ውስጥ ግን የሚሰማው እንደ ሩቅ ወንዝ ያለ ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ሥር ቢሆን መነጋገር አንችልም ነበር። ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ፤ ደረቅ ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። የመምህሩ መዳፍ ደረቅ ነው። እሳቸው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከጭቃና ከእሳት የተሠራ ነገር፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ በመሸፈኑ ብቻ፣ ያን ሁሉ ሰማይ ሲመልስ አየሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት ለማለት አፌ አልደፈረም።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሴቶቹ ገመዳቸውን እንደያዙ በዝናቡ ቆመዋል፤ አንዷም አልተጠለለችም። ሃዳ ጂሎ በምሥራቁ ጫፍ፣ ነፋሱ በሚበረታበት ናቸው። አጠገባቸው ቆምኩ። ያ በሆዴ የከረመው ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

«ሃዳ ጂሎ» አልኳቸው፣ «እናንተ ዝናብ ስትለምኑ እኔ እንዲዘገይ ስለምን ነበር። ጣራዬ እስኪደርስ ብዬ። ከብቶቻችሁ እያለቁ።»

ፊታቸውን አላዞሩም። ውሃው በፊታቸው ይወርዳል።

«እኔም» አሉኝ።

አልገባኝም። ደግሜ ጠየቅኋቸው። ቤት የከፈተች ሴት ክዳኑ እስኪገባ ድረስ ዝናብ አትለምንም አሉኝ፤ እናታቸው እንዲህ ነው ያስተማሯቸው፤ እጃቸው ሸክላዬን ከነካበት ማለዳ ጀምሮ እሳቸውም ከእሳቸው ጋር የመጡት ሴቶችም ሁሉ አምላካቸውን ዋቃን ሦስት ቀን ታገስ ብለውታል። የመጡበትን ላም ዐሰብኩ፤ በረታቸውን ዐሰብኩ። በነዚህ ሦስት ቀናት ስንት ሞተባችሁ አልኩ።

በአገጫቸው ወደ ጣራው አናት አመለከቱኝ። ከአሥራ አራቱ ቆዳዎች አምስቱ ገና አልደረቁም፤ ትኩስ ናቸው። ዝናቡ ያጥባቸዋል፤ ቀላ ያለ ውሃ በሸክላዬ ላይ ይወርዳል፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ ሳትገባ፣ በአሸንዳው አልፎ እግራችን ሥር ይፈስሳል። ገመዱን ከእጃቸው ተቀብዬ ያዝኩ። እሳቸውም ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።